መሣሪያው ጭሱን ያያል፣ ትንበያው አቧራውን፦ የሰባት ወር ልምዴ ከኮምቦልቻ

የምጽፈው ስለ ሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው በመዳፍ የሚያዝ የአየር መለኪያ መሣሪያ ነው። ሁለተኛው ስልኬ ላይ የጫንኩት፣ እስከ አምስት ቀን ድረስ የሚኖረውን የአየር ጥራት የሚተነብይ ነጻ መተግበሪያ ነው። ሁለቱንም ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀኑ ስጠቀምባቸው ቆይቻለሁ፤ ያየሁትንም በማስታወሻ ደብተር ጽፌያለሁ። ወደዚህ የገፋኝ ሥራዬ ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ መድኃኒት ቤት አለኝ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ጠዋት በሩን ስከፍት ደጃፉ ላይ የሚጠብቀኝ ሰው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ደረቱ ሲር ሲር የሚል ሕፃን ያዘለች እናት፣ ሌሊቱን ሲያስሉ ያደሩ ሽማግሌ፣ የሚነፋ መድኃኒቷ ያለቀባት ተማሪ። አንዳንድ ጠዋት ሁለት ሦስት ሰው ይመጣል፤ አንዳንድ ጠዋት ወረፋው መንገድ ይደርሳል። "ዶክተር፣ ዛሬ ደግሞ ምን መጣብን?" ይሉኛል። ፋርማሲስት መሆኔን ብነግራቸውም ዶክተር ማለታቸውን አልተዉም። ለዓመታት መልሴ "ብርዱ ነው" የሚል ነበር። እውነት እንዳልሆነ ግን ልቤ ያውቀው ነበር። ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ቀን ማንም ሳይመጣ ይውላል፤ ሞቅ ባለ ቀን ደግሞ ሳልቡታሞሉ፣ የአስም መንፊያው፣ ከመደርደሪያው ያልቃል። በመካከል እኔ የማላየው አንድ ነገር ነበር።

ዱባይ የምትሠራው የእህቴ ልጅ ለእረፍት ልትመጣ ስትል "ጋሼ፣ ምን ላምጣልዎት?" ብላ ደወለች። የአየር መለኪያ አልኳት። 190 ድርሃም ከፍላ አመጣችልኝ። እዚያ አቧራ ሊነሣ ሲል ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ በስልካቸው እንደሚደርሳቸው፣ እሷም ተነሥታ መስኮት መዝጋት ልማዷ እንደሆነ የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። ይህ ነገር ከልቤ አልወጣም። ዱባይ ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ያለ ፎቅ የሚሰማውን ወሬ፣ አቧራው የሚነሣበት በረሃ ጎረቤት የሆንነው እኛ ለምን አንሰማም?

መሣሪያው በዋናነት የሚለካው ፒኤም 2.5 የሚባለውን ብናኝ ነው። ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰ፣ ከራስ ጸጉር ውፍረት ጋር ሲተያይ ሠላሳ እጅ ያህል የሚቀጥን ነው። ከማቃጠል የሚመጣው ጭስ አብዛኛው በዚህ መጠን ውስጥ ይወድቃል፤ ሳንባ ጥግ ድረስ ገብቶ ወደ ደም ለመሻገርም አቅም አለው። በመሣሪያው ሆድ ውስጥ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ አለች። አየሩን ትስባለች፤ የሌዘር ብርሃን ያርፍበታል፤ ብናኙ ብርሃኑን ሲበትነው ያ ተለክቶ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ወዳለ ማይክሮግራም ይለወጣል፤ መሣሪያው የሚያሳየው ቁጥር ይኸው ነው። ስለዚህ መሣሪያው ብናኙን አይመዝነውም፤ ከብርሃኑ ተነሥቶ ይገምታል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ የማነሣቸው ስህተቶች ብዙዎቹ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

የመጀመሪያው ፈተና ቤቴ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ዕጣኑ ፍሙ ላይ ሲበተን መሣሪያውን ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። 24 የነበረው ቁጥር አቦሉ ሳይቀዳ 380 ደረሰ። ባለቤቴ ቁጥሩን አየችና ምንም ሳትናገር ተነሥታ መስኮቱን ከፈተችው። በረካው ሲጠጣ 55 ነበር። ዕጣን የወሎ ቤት ማዕረግ ነው፤ ይቅር አልልም። መስኮቱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተከፍቶ ነው ቡና የሚፈላው። ከ380 ወደ 55 የሚያወርድ መድኃኒት እኔ መደርደሪያ ላይ የለም።

በሚቀጥለው ሳምንት መሣሪያውን ይዤ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ገባሁ። እናቴ ሆጤ አካባቢ ትኖራለች። እንጀራ የምትጋግረው ከዋናው ቤት በተለየች ጠባብ ማድ ቤት፣ በባሕር ዛፍ ቅጠልና በጭራሮ ነው። የመጀመሪያው እንጀራ ላይ አክንባሎው ሳይደፋ ቁጥሩ 999 ላይ ቆመ፤ ከዚያ በላይ ማሳየት አይችልም። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች፣ "ልጄ፣ ይኼ ዕቃ የሚነግርህን ዓይኔ አርባ ዓመት ሙሉ ሲነግረኝ ኖሯል" አለችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሰበብ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ቁጥሩን በሥራዬ ምክንያት ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስንት ጊዜ እዚያች ማድ ቤት በር ላይ ቆሜ ትኩስ እንጀራ ስጠብቅ እንዳደግኩ ግን ያን ቀን ነው የታወሰኝ።

በሳምንቱ ምርጥ የሚባለውን ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ገዝተን አስተከልን፤ ጣሪያውም ላይ የጭስ መውጫ አስከፈትን። አሁን በጋገራ ሰዓት በ200 እና በ250 መካከል ያሳያል። ይህም ደህና ቁጥር አይደለም። የእናቴ ሳል ግን ቀንሷል፤ ቅጠሉም ቢሆን ከበፊቱ በግማሽ ይበቃታል። ለመሣሪያው 190 ድርሃም ከተከፈለበት፣ ዋጋውን በዚያች ማድ ቤት መልሷል ብዬ አምናለሁ።

እዚያው ደሴ ግን የመጀመሪያውን ስህተቱን አየሁ። ማለዳ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሸፍኖት ነበር። በረንዳ ላይ ያደረው መሣሪያ 140 ያሳያል። የትም ቤት ጭስ አይታይም፤ የጭስም ሽታ የለም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትወጣ 28 ሆነ። መሣሪያው የውሃውን ጠብታ ብናኝ ብሎ ቆጥሮታል። እርጥበት ሲበዛ ርካሽ የሌዘር መለኪያዎች ቁጥር እንደሚያጋንኑ ባለሙያዎቹ ያውቁታል፤ በማሸጊያው ላይ ግን አልተጻፈም። ስለዚህ ደሴ ላለ ሰው ምክሬ፣ ጉም ባለበት ማለዳ መሣሪያውን አትመኑት፤ ጉሙ እስኪገለጥ ጠብቁ ነው። ደሴ ደግሞ የጉም ከተማ ናት።

ኅዳር 12 ቀን ኮምቦልቻ ነበርኩ። "ኅዳር ሲታጠን" የሚባለውን ልማድ የማያውቅ የለም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሰዉን በጨረሰ ጊዜ የተጀመረ ነው፤ ሰው ግቢውን ጠርጎ፣ ቆሻሻውን ሰብስቦ በአንድ ቀን ያቃጥላል፣ ጭሱ በሽታውን ያባርራል ተብሎ። ያን ቀን በመድኃኒት ቤቴ ደጃፍ 310 አነበብኩ። የእኛ ሰፈር ወንዙን ተከትሎ የተኛ ስለሆነ ጭሱ የሚሄድበት አጥቶ እስከ ረፋዱ ቆየ። በማግስቱ ከወትሮው በላይ የሚነፋ መድኃኒት ሸጥኩ።

ያንን ልማድ ለማጣጣል አይደለም የምናገረው። እንዲያውም ከመቶ ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች በሽታ በአየር እንደሚሄድ፣ አንድ ቤት ብቻውን ቢያጸዳ ከንቱ እንደሆነ፣ ከተማው በአንድ ቀን አብሮ መነሣት እንዳለበት ገብቷቸዋል። ያኔ የሚቃጠለው ገለባና ቅጠል ነበር። ዛሬ የሚቃጠለው ፌስታልና አሮጌ ጎማ ነው። በዚያው ቀን አብረን እንጥረግ፤ የጠረግነውን ግን አናቃጥለው።

በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ለሺህ ዓመታት ተኝቶ የኖረ ተራራ ነው። አመዱ ወደ ሰማይ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ። በአቅራቢያው ያለው የአፍዴራ ሕዝብ በአመድ ተሸፈነ፤ ደመናው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን አልፎ በማግስቱ ሕንድ፣ ዴልሂ ድረስ ደረሰ። ሰኞ ጠዋት በሬን ስከፍት የቆመው ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነበር፤ "አመዱ ወደ እኛ ይመጣል ወይ?" አንዲት እናት ለአምስት ልጆች ጭንብል ልትገዛ በርበሬ ወንዝ ከሚባለው ሰፈር በእግሯ መጥታለች።

ትንበያውን ከልቤ ያመሰገንኩት ያን ጠዋት ነው። መተግበሪያው መረጃውን የሚያገኘው ኮፐርኒከስ ከሚባለው የአውሮፓ የከባቢ አየር ክትትል አገልግሎት ነው። አገልግሎቱ በቀን ሁለት ጊዜ ለመላው ዓለም ትንበያ ያወጣል፤ ከብናኙ ሌላ የአቧራን፣ የኦዞንን፣ ከእሳተ ገሞራ የሚወጣውን የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጋዝንም መንገድ ያሳያል። ስልኬን ለእናቲቱ ሰጠኋት። የሰልፈሩ ቀለም ከአፋር ተነሥቶ እንደ ጅራት ወደ ቀይ ባሕር ሲጎተት፣ ወሎ ላይ ግን ምንም ቀለም እንደሌለ በዓይኗ አየችው። "አብሽሪ፣ ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ነው የወሰደው" አልኳት። ጭንብሉን ሳትገዛ ሄደች። ገንዘቧ በእጇ ቀረ፣ ሥጋቷም ለቀቃት።

በዚያው ሳምንት ያነበብኩት ነገር ግን አስቆጨኝ። ለአውሮፕላኖች ሲባል ዓለም በዘጠኝ የእሳተ ገሞራ አመድ ማስጠንቀቂያ ማዕከላት ተከፋፍላለች። የእኛን ቀጠና የሚጠብቀው በፈረንሳይ ቱሉዝ ያለው ነው። ሃይሊ ጉቢ እንደፈነዳ ማስጠንቀቂያውን አወጣ፤ ሕንድ ውስጥ በረራዎች ተሰረዙ፣ አቅጣጫ ቀየሩ። አገር ከአገር፣ ሰማይ ከሰማይ ተቀባብሎ የአንድ አውሮፕላን ሞተር አመድ እንዳይውጥ ተደረገ። በጣም ጥሩ ነው። ታዲያ ይህን ያህል ርቀት ለሞተር ከተሄደ፣ ለሕፃን ሳንባ የማይኬድበት ምክንያት ምንድን ነው? የአመዱን ደመና ማየት ተችሏል፤ ከአብራሪው ጆሮ እስከ አፍዴራ እረኛ ጆሮ ያለው መንገድ ግን እስከ ዛሬ አልተሠራም።

መጋቢት ላይ አንድ እሑድ ማታ መተግበሪያውን ስከፍት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ብርቱካናማ ሆኖ አገኘሁት። የአቧራው ካርታ ከምሥራቅ፣ ከአፋር ቆላ በኩል ወደ እኛ ሲወጣ ያሳያል። ደጃፌ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅዬ ነበር፤ "ማክሰኞ ከሰዓት አቧራ ይጠበቃል፤ አስም ያለባችሁ መድኃኒታችሁን ያዙ" ብዬ ጻፍኩበት። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ የጅቡቲ መስመር የሚሠራ ደንበኛዬ፣ የከባድ መኪና ሾፌር፣ አፋር ውስጥ ካለችው ሚሌ ደወለ። "ዶክተር፣ ሰሌዳህ እውነቱን ነው። እዚህ የፊቴን መኪና አላየውም" አለኝ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዙሪያችን ያለው ተራራ ከዓይናችን ጠፋ። ሰማዩ የገብስ ቆሎ መሰለ።

መሣሪያዬን ወደ ውጭ አወጣሁት። 46 ይላል። አፌ ውስጥ አሸዋው እየተንቀጫቀጨ መሣሪያው 46 ይላል! ምክንያቱን የተረዳሁት ብዙ ካነበብኩ በኋላ ነው። የበረሃ አቧራ አብዛኛው ደቃቅ አይደለም፤ ሻካራ ነው። እንዲህ ያሉ ትንንሽ የሌዘር መለኪያዎች ሻካራውን ብናኝ በደንብ አይቆጥሩትም። ፒኤም 10፣ ማለትም እስከ 10 ማይክሮሜትር የሚደርስ ብናኝ፣ ብሎ የሚያሳየውም ቁጥር በአብዛኛው ከደቃቁ ተነሥቶ የተገመተ ነው። በአቧራ ቀን ይህን መሣሪያ አምኖ ልጁን ወደ ሜዳ የሚልክ ሰው ይጎዳል። ገዝታችሁ ከሆነ ይህችን አንዲት ነገር አትርሱ፤ ተራራው ካልታየ መሣሪያውን ተዉት፣ ዓይናችሁን እመኑ።

ያን ማክሰኞ ትንበያው ረትቷል። በሌላው ቀን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ኮምቦልቻን ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከሐረጎ ቁልቁል ያያት ሰው የምናገረውን ያውቃል። ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከተራራው ወርዶ ቦርከና ሸለቆ ውስጥ ይተኛል፤ ሞቃቱ ከላይ እንደ ክዳን ይገጥምበታል። የከሰሉ፣ የኩበቱ፣ ሌሊቱን ሞተር ሳያጠፉ የቆሙት መኪኖች ጭስ ከክዳኑ በታች ይቀመጣል። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ አይነሣም። መሣሪያዬ በእነዚህ ጠዋቶች 90፣ 110፣ መብራት ጠፍቶ ባደረ ጠዋት ደግሞ 160 ያነባል። መተግበሪያው በዚያው ሰዓት "መካከለኛ" ይላል፤ 20፣ 22።

ትንበያው ዋሽቶ አይደለም። ዓለምን የሚከፋፍለው እያንዳንዱ ጎን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ሳጥን ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በመኪና መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፤ በከፍታ ግን ከ600 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ለትንበያው አንድ ሰፈር ናቸው። ሰባት ወር ሙሉ ለሁለቱ ከተሞች የተለያየ ቁጥር ሰጥቶኝ አያውቅም። አውሮፓ ውስጥ ያው አገልግሎት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ሳጥን፣ በመሬት ላይ ባሉ ብዙ መለኪያዎች እየታረመ ይተነብያል። እኛ ዘንድ የሚያርመው ሰው የለም፤ አዲስ አበባ እንኳ ለዓመታት የአሜሪካ ኤምባሲ መለኪያ ለሕዝብ ያሳየው የነበረው ቁጥር በየካቲት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ቆሟል።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ልጨምር። ቀለሙን አትከተሉ። የእኔው እስከ 35 ድረስ አረንጓዴ ያሳያል፤ ይህ የቻይና መለኪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ለ24 ሰዓት አማካይ ከ15 እንዳይበልጥ፣ ለዓመት ደግሞ ከ5 እንዳይበልጥ ይላል። መተግበሪያው በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ስለሚሄድ አረንጓዴው 9 ላይ ያበቃል። ያው አየር በአንዱ አረንጓዴ፣ በሌላው ቢጫ ነው። ስለዚህ ማይክሮግራሙን አንብቡ። ፎርማልዲሃይድ ብሎ የሚያሳየውን ቁጥር ደግሞ ከነጭራሹ እርሱት፤ እኔ ዘንድ የአልኮል ጠርሙስ በተከፈተ ቁጥር ይዘላል። ባትሪው አራት ሰዓት አይሞላም። የቻርጀሩ ቀዳዳ በሦስተኛው ወር ላልቶ አንድ የሞባይል ጠጋኝ በ150 ብር አስተካከለልኝ። ማራገቢያዋ አቧራ ስለምትሰበስብ በየሁለት ሳምንቱ በለስላሳ ብሩሽ እጠርጋታለሁ።

መተግበሪያው በበኩሉ በእንግሊዝኛ፣ በአረብኛና በሌሎች ብዙ ቋንቋዎች አለ፤ በአማርኛ ግን የለም። "ስሜታዊ ለሆኑ ቡድኖች ጤናማ ያልሆነ" የሚመስል ነገር ለአንዲት የሸሻ በር አካባቢ እናት እንዴት ተብሎ ይነገራል? እኔ ሰሌዳው ላይ "ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአዛውንትና ለአስም ሕሙማን አይስማማም" ብዬ ነው የምጽፈው። እርግጥ ይረዝማል፤ ግን ሁሉም ይረዳዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መሣሪያው የሰፈሬን ጭስ ያያል፣ የሩቁን አቧራ አያይም። ትንበያው የሩቁን አቧራ ያያል፣ የሰፈሬን ጭስ አያይም። ሁለቱን አጋጥሞ የሚያነብ ሰው ሲኖር ብቻ ነው እናትየዋ የሚጠቅማት ነገር የሚወጣው። በእኛ ከተማ ለጊዜው ያ ሰው አንድ ባለ መድኃኒት ቤትና አንድ ጥቁር ሰሌዳ ነው። ይህ አይበቃም።

የሚያስፈልገው ነገር ደግሞ ሰማይ የራቀ አይደለም። ኮምቦልቻ ላይ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ አለ፤ ነፋሱን ይለካል። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ የትኛው ቤት የሚያስል ሕፃን እንዳለ ያውቃሉ። የጤና ተቋማቱ በየቀኑ ስንት የአስም ሕመምተኛ እንደመጣ ይመዘግባሉ። ከሚሌ እስከ ባቲ መንገድ ላይ ያለው ሾፌር አቧራውን ከእኛ ሦስት ሰዓት ቀድሞ ያየዋል። ሁሉም አለ፤ አንዱ ለሌላው አይናገርም። ካምፓላ ውስጥ የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ኤርኮ በተባለው ሥራቸው ርካሽ መለኪያዎችን እዚያው ሠርተው በየሰፈሩ ሰቅለው፣ ቁጥሩን አርመው ለሕዝብ ያሳያሉ። ቡርኪና ፋሶ ከባርሴሎናው የአቧራ ትንበያ ማዕከል ጋር ተባብራ ለየክልሏ በቀለም የተለየ የአቧራ ማስጠንቀቂያ ታወጣለች። እነዚህ ከእኛ እጅግ የበለጸጉ አገሮች አይደሉም።

ከአገር ውጭ ያለውም ክር መቀጠል አለበት። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ ከአፋር ወጥቶ የወሎን ማሽላና ጤፍ ሲበላ አይተናል። አንበጣው የት እንዳለ፣ ነገ ወዴት እንደሚበር አገሮች ሲነጋገሩበት ነበር፤ የየመኑ መንጋ ለእኛ ጉዳይ ነበር፣ የእኛውም ለኬንያ። አቧራውም በዚያው ሰማይ ነው የሚመላለሰው። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2008 ናይሮቢ ላይ ስለ አየር ብክለት የጋራ ማዕቀፍ ስምምነት ላይ ደርሰው ነበር። እዚያው ናይሮቢ የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል አለ፤ ክረምቱ እንዴት እንደሚሆን ለአሥራ አንድ አገሮች ይናገራል። ዝናቡን የሚናገር አፍ አቧራውንም ቢናገርልን፣ ቢያንስ ለአርብ ገበያና ለትምህርት ቤት ሜዳ የሚሆን ወሬ እናገኝ ነበር።

እስከዚያው ድረስ የቻልኩትን እያደረግኩ ነው። በአቅራቢያችን ያለ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት የጥርን የማለዳ ቁጥሮች ከደብተሬ አሳየኋቸው። እሳቸውም ሳይውሉ ሳያድሩ የሰውነት ማጎልመሻውን ክፍለ ጊዜ ከ2 ሰዓት ወደ 4 ሰዓት ተኩል አዛወሩት፤ በዚያ ሰዓት ጭሱ ተነሥቷል። አንድ ብር አልወጣበትም። ለሚነፋ መድኃኒት ለሚመጡ ወላጆች ደግሞ የግማሽ ሊትር ውሃ ላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን በስቶ ከመንፊያው ጋር ማገጣጠም አሳያለሁ፤ ትንሽ ልጅ በዚያ ሲስብ መድኃኒቱ ምላሱ ላይ ከመቅረት ይልቅ ሳንባው ይገባል። አቧራ ከመጣ በኋላ የሚያስታግሰውን ከመፈለግ በፊት፣ ሐኪም የሚከላከለውን ካዘዘ በየቀኑ እንዲወስዱት እለምናቸዋለሁ። በነጠላ አፍንጫ መሸፈን ሻካራውን አቧራ በከፊል ያግዳል፤ ጭሱን አያግድም፤ ለጭሱ ኤን 95 የሚባለው ጭንብል ነው።

ግዙ ወይስ አትግዙ? ለትንበያው ገንዘብ ስለማይጠየቅ ስልክ ያለው ሁሉ ዛሬውኑ ይጫነው፤ ለአቧራ ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ፣ ለማለዳ ጭስ ሁለት። መሣሪያውን በየቤቱ ግዙ አልልም። ቤቱ አስም ያለበት ልጅ ወይም በእንጨት የምትጋግር እናት ካለች ለአንድ ወር ከጎረቤት መዋስ ይበቃል፤ አንድ ሰፈር አንድ ይኑረው። የእኔን የሚፈልግ ካለ ከሐሙስ እስከ እሑድ አውሳለሁ፤ እስከ አሁን በዘጠኝ ማድ ቤት አድሯል። ደሴ ውስጥ እንዲህ ያለ መሣሪያ ያለው ሰው ካነበበኝ ደግሞ አንድ ነገር እለምነዋለሁ፤ ጉም በሌለበት ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ቁጥሩን ይጻፈው፣ እኔም እዚህ እጽፋለሁ። በአንድ ሳጥን ውስጥ የተቆለፉት ሁለት ከተሞች ምን ያህል እንደሚለያዩ ለሚቲዎሮሎጂውም ለጤናውም ሰዎች ወስደን የምናሳየው ወረቀት ይኖረናል። ሰሌዳው ላይ ለነገ የጻፍኩት፦ "ጠዋት ጭስ አለ፣ ከሰዓት ደህና ነው።"